በኋላ ጎማ የሚገፋ ስፖርት መኪና በበረዶ ላይ እንዴት ይነዳል?

በኋላ ጎማ የሚገፋ ስፖርት መኪና ያለው ሰው፣ በረዶ መጣል ሲጀምር የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። «ሸፍነህ አቁማት፤ በረዶው ሲሄድ ታወጣታለህ።» ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው። ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ሞተሩን ከኋላ የተሸከመው ፖርሽ 911፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ እየተገፋ፣ በበረዷማ ተራሮች የሚታወቀውን የሞንቴ ካርሎ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ1969 እና በ1970 በተከታታይ አሸንፏል። መኪናው ይችላል። የሚቀረው ጎማው ምን ዓይነት ነው፣ የነጂው እግርስ ምን ያህል የረጋ ነው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው በረዶዬ ላይ ከአደባባይ ስወጣ ነዳጅ ትንሽ ቀደም ብዬ ሰጠሁ። ወንበሩ ከሥሬ ወደ ጎን ሲሄድ ተሰማኝ። ደንግጬ እግሬን በአንዴ አነሳሁ። መኪናዋ ዞረችና ፊቷን ወደመጣሁበት አድርጋ ቆመች። ሌላ መኪና ስላልነበረ ማንም አልተጎዳም። ለብዙ ጊዜ ጥፋቴ ነዳጅ መስጠቴ ይመስለኝ ነበር። ትልቁ ጥፋት ግን በድንጋጤ መልቀቄ ነበር። በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ነዳጅ መስጫው ሁለተኛ መሪ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ፦ ኋላው ለምን ያመልጣል?

ጎማ መንገድን የሚይዝበት ጉልበት ልክ አለው። ያንን ጉልበት ለሦስት ሥራ እንጠቀምበታለን፤ ለመፍጠን፣ ለመቆም እና ለመታጠፍ። ደረቅ አስፋልት ላይ ጉልበቱ ስለሚተርፍ ሁለቱን ሥራ በአንዴ ብትጠይቁት ይችልላችኋል። በረዶ ላይ ግን ሁለት ሐብሐብ በአንድ እጅ አይያዝም። እየታጠፈ ባለ የኋላ ጎማ ላይ ነዳጅ ስትጨምሩ፣ ለመታጠፊያ የነበረው ጉልበት ለመግፊያ ይሄዳል። ያኔ ኋላው ወደ ውጭ ያመልጣል።

የክብደት አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ክብደቱን ከፊትና ከኋላ እኩል ለማለት በሚያስደፍር ልክ ስለሚያከፋፍል፣ ፊቱ ከከበደ ፎርድ ማስታንግ ይልቅ ለመነሳት ይሻላል። 911 ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክብደት የኋላ ጎማው ላይ ስለሚያርፍ መነሳት አይከብደውም። እሱ የሚያስቸግረው ፊቱ አልታጠፍም ሲል ነው።

ክብደት ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ነዳጅ ስትሰጡ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስትለቁ ወይም ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት ይመጣል። ኩርባ ላይ እግራችሁን በድንገት ካነሳችሁ ኋላው ይቀላል፤ የቀለለ ጎማ ደግሞ አይዝም። አደባባዩ ላይ ያዞረኝ ይኸው ነው።

ደረጃ 1፦ ጎማ፣ ከሁሉም በፊት

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጎማ ላይ አውሉት። ስፖርት መኪኖች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት በበጋ ጎማ ነው። የዚህ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ እየደነደነ ይሄዳል። በጠና ብርድ ጊዜ መሬት የሚነካው ክፍል ሊሰነጠቅ እንደሚችል ራሳቸው አምራቾቹ የሚያስጠነቅቁባቸው አሉ። በዚህ ጎማ በረዶ ላይ የሚነዳ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ምንም ማድረግ አይችልም። ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው እውነት ስለሆነ ነው።

የበረዶ ጎማን ጠጋ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱ የጥርስ ብሎክ ላይ በምላጭ የተተለተለ የሚመስሉ ቀጫጭን ዚግዛግ መስመሮች አሉ። በጥፍራችሁ ጫን ስትሉት ብርድም ሆኖ እሺ ይላችኋል። መስመሮቹ ሲሽከረከሩ ይከፈታሉ፣ በረዶውን ነክሰው ይይዛሉ። ክፍተቶቹ ውስጥ የተጠቀጠቀው በረዶም ራሱ ያግዛል፤ በረዶ ከበረዶ ጋር በደንብ ይያያዛልና። ስለዚህ ጎማው ላይ የተጣበቀ በረዶ ብታዩ አትጥረጉት።

ስትገዙ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ፈልጉ። ምልክቱ የሚሰጠው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ፈተና አልፏል ማለት አይደለም።

አራቱንም ቀይሩ። «የሚገፋው ኋላ ስለሆነ ኋላውን ብቻ» የሚል ሐሳብ ብዙ ሰው ያነሳል። ኋላው ይገፋል፣ ፊቱ ግን አይታጠፍም፣ አይቆምም። መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ ኩርባው ውጭ ትሄዳለች። ፊቱን ብቻ መቀየር ደግሞ የባሰ ነው፤ ፊቱ ሲይዝ ኋላው ይዞራል።

መጠኑ ላይም አስቡበት። ሰፊ ጎማ በረዶ ላይ የመንሳፈፍ ጠባይ አለው፤ ጠበብ ያለው ወደ ታች ቆርጦ ይገባል። ብዙ ሰው ለበረዶ ወራት አንድ ቁጥር አነስ ያለ ቸርኬ፣ ከፍ ያለ ጎን ካለው ጎማ ጋር ያስገጥማል። ጠርዙ በረዶ ውስጥ የተደበቀ ጉድጓድ ሲመታም ቶሎ አይጎዳም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አነስ ያለው ቸርኬ የፍሬን ካሊፐሩን (ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘውን ክፍል) እንደማይነካ አረጋግጡ። ትልልቅ ፍሬን ያላቸው ስፖርት መኪኖች ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው። የኋላ ጎማችሁ ከፊቱ የሚሰፋ ከሆነ፣ አምራቹ የሚፈቅደው ከሆነ አራቱንም እኩል ማድረግ ጥሩ ነው።

የጥርሱ ጥልቀት ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ የበረዶ ጎማ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። የጎማውን አየር ልክ ደግሞ በየጊዜው ለኩ። ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የጎማው አየር በ1 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ይወርዳል። «ለበረዶ አየር ቀንስ» የሚለውን ምክር ለመደበኛ መንገድ አትከተሉት።

የበረዶ ሰንሰለት የሚጠመጠመው የሚገፋው ጎማ ላይ ነው፤ የእኛ ኋላ ነው። ብዙ ስፖርት መኪኖች ግን በጎማውና በፌንደሩ መካከል ለሰንሰለት የሚሆን ቦታ የላቸውም። የመኪናዋን መመሪያ ሳታዩ አትግዙ። በሰንሰለት ፈንታ ጎማው ላይ የሚለበስ የጨርቅ ሽፋን የሚፈቀድበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 2፦ መኪናዋን ማዘጋጀት

የኋላ ኮፈን ውስጥ የአሸዋ ከረጢት መጫን የቆየ ዘዴ ነው። ለከባድ ፊት መኪና 20 ወይም 30 ኪሎ ይረዳል። ከኋላ አክስሉ በላይ አድርጉት፣ እንዳይንቀሳቀስም እሰሩት። መጨረሻ ጫፍ ላይ ካስቀመጣችሁት ኋላው ሲወጣ እንደ ፔንዱለም ይስበዋል። ክብደቷ እኩል የተከፋፈለ መኪና ላይ ግን እኔ አልጭንም። ትንሽ አሸዋ የምይዘው ከተያዝኩ ጎማ ሥር ለመበተን ነው።

በር ላይ ፍሬም የሌለው መስታወት ያላቸው ኩፔዎችና ክፍት ጣሪያ መኪኖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ብዙዎቹ ላይ በሩን ስትከፍቱ መስታወቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ጎሚኒው (የበሩ ዙሪያ ላስቲክ) ላይ በበረዶ ከተጣበቀ ዝቅ አይልም። እጀታውን በጉልበት ስትስቡ መስታወቱ ወይም የሚያወርደው ሞተር ይጎዳል። ከዳር እስከ ዳር በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ በረዶውን ስበሩት፣ ከዚያ ክፈቱ። በረዶው ከመምጣቱ በፊት ጎሚኒውን ሲሊኮን መቀባት ይህን ችግር በብዛት ይከላከላል። የጨርቅ ጣሪያ ደግሞ በረዶ እንደያዘ አይታጠፍም።

ጣሪያው ላይ ያለውን በረዶ ሙሉ በሙሉ አውርዱ። ሞቅ ሲል ይላቀቅና መጀመሪያ ፍሬን ስትይዙ ተንሸራትቶ የፊት መስታወቱን ይሸፍነዋል። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን እዩ። የተደፈነ ከሆነ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ይገድላል። ስፖርት መኪና ዝቅ ያለ ስለሆነ የጭስ ማውጫው ቶሎ ይቀበራል።

አጭር አካፋ፣ ጓንት፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ እና የማይቀዘቅዝ የመስታወት ውሃ ይኑራችሁ። መጎተቻው ቀለበትም የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ። ብዙ ጊዜ ከመለዋወጫ መሣሪያው ጋር ተቀምጦ፣ ፓራውልቱ ላይ ባለች ትንሽ ክዳን በኩል የሚጠመዘዝ ነው። በጨለማና በብርድ አይፈለግም።

ደረጃ 3፦ በረዶውን መለየት

በአማርኛ ሁሉንም «በረዶ» እንላለን። ጎማ ግን ይለያቸዋል። አዲስ የወረደ ብናኝ በረዶ ከሁሉም የሚመቸው ነው፤ ጎማው የሚነክሰው ነገር አለ። መኪና የተመላለሰበት፣ ተጠቅጥቆ ያብለጨለጨ በረዶ ይብሳል። ቀልጦ የላሸ፣ እንደ ጭቃ የሆነው ደግሞ መሪውን ወደ ጎን ይጎትታል። ከሁሉም የከፋው አስፋልት ላይ ስስ ሆኖ የጋገረ፣ ዓይን እርጥብ መንገድ ነው ብሎ የሚያልፈው ነው። ድልድይ ላይ፣ ጥላ በሚያርፍበት ኩርባ እና ጎሕ ሲቀድ ጠብቁት። ድልድይ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይጋገራል። ከፊታችሁ ያለው መኪና ጎማ ውሃ መርጨት ካቆመ፣ መንገዱ ግን እርጥብ ከመሰላችሁ፣ ያ በረዶ ነው።

ደግሞ ብርዱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ ያንሸራትታል። ላዩ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ስላለው ነው። «ዛሬ እኮ ሞቅ ብሏል» የምትሉበት ቀን የበለጠ የምትጠነቀቁበት ይሁን።

በቁጥር ላሳያችሁ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ12 ሜትር ገደማ ትቆማለች። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 40 ሜትር ይሆናል። የጋገረ በረዶ ላይ 100 ሜትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ እግራችሁ ፍሬን እስኪነካ የምትሄዱትን ሳይጨምር ነው፤ በዚያ ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ይታለፋል።

ደረጃ 4፦ ባዶ ሜዳ ላይ ልምምድ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ባለቤቱ የፈቀደላችሁ፣ የመብራት ምሰሶና የድንጋይ ጠርዝ የሌለበት ባዶ ሜዳ ፈልጉ። በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

መጀመሪያ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ ፍሬኑን እስከ ታች ርገጡ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ሲሠራ ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ያስፈራል። አትልቀቁ። እየረገጣችሁም መሪው እንደሚታዘዝ እዩ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ የሚያጋጥመው ሰው ብዙ ጊዜ ደንግጦ እግሩን ያነሳል።

ቀጥሎ ሰፊ ክብ እየዞራችሁ ነዳጅ በጥቂቱ ጨምሩ። ኋላው ሲጀምረው የት እንደሚሰማችሁ አስተውሉ። መጀመሪያ የሚነግራችሁ ዓይናችሁ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ያለው ወገባችሁ ነው። ከዚያ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ቀንሱና ስትመለስ እዩ። በሌላው ዙር በድንገት ልቀቁት። ልዩነቱን በሰውነታችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሜ ነው ፍርሃቱ የለቀቀኝ።

ሙሉውን ኢኤስፒ (መኪናዋ ተንሸራታ እንዳትዞር የሚቆጣጠረው ሲስተም) በርቶ አድርጉት። ከዚያ ሜዳው ላይ ብቻ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ይህ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1995 በመርሴዲስ መኪና ላይ ከወጣ ጀምሮ ብዙ ሰው አትርፏል፤ መንገድ ላይ የሚጠፋበት ምክንያት የለም። ግን ጎማው የሌለውን ጉልበት አይፈጥርም።

የኋላ ዲፈረንሻላችሁ (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ምን ዓይነት እንደሆነም እዚሁ ይታወቃል። ተራው ሲሆን አንዱ ጎማ ብቻ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ሌላው ኋላውን ይዞ ይቆያል። ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው፣ አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድበው ሲሆን ሁለቱም አብረው ይሽከረከራሉ። ለመነሳት ይሻላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሲሸራተቱ ኋላውን የሚይዝ ጎማ ስለማይኖር ወደ ጎን መሄዱ ይፈጥናል።

ደረጃ 5፦ መነሳት

መሪውን ቀጥ አድርጉ። ማንዋል ከሆነ በ2ኛ ማርሽ ተነሱ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋችሁ እየለቀቃችሁ፣ ሞተሩን ከሚኒሞ ብዙም ሳታስጮኹ። አውቶማቲክ ከሆነ የበረዶ ሞድ ካለው እሱን ተጠቀሙ።

ጎማው ባዶውን ሲሽከረከር ወዲያው ቀንሱ። የሚሽከረከር ጎማ በረዶውን ያቀልጣል፣ ቀልጦም መልሶ ይጋገራል፤ ለራሳችሁ የመስታወት ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ። ከተያዛችሁ ውረዱና ከአራቱም ጎማ ፊትና ኋላ በአካፋ ጥረጉ። አሸዋ በትኑ። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ወዝወዝ አድርጓት። በዚህ ጊዜ ትራክሽን ኮንትሮሉን ማጥፋት ያስፈልግ ይሆናል፤ ካልሆነ ጉልበቱን ሁሉ ይቆርጠዋል። ስትወጡ መልሱት።

ደረጃ 6፦ ፍሬን፣ ማርሽ እና ኩርባ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀጥ ብላችሁ ሳላችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ታጠፉ፣ መሪው ወደ ቀጥታው ሲመለስ ነዳጅ ጨምሩ። መሪውን የፈታችሁትን ያህል ብቻ ነዳጅ ስጡ። ከፊታችሁ ካለው መኪና የምትተዉትን ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ አድርጉት።

ስለ ማርሽ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ቁልቁለት ላይ «በማርሽ ያዝ» ይባላል። ልክ ነው፤ ነገር ግን የእኛ መኪና ላይ ማርሽ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ ነው። ከ3ኛ ወደ 2ኛ አውርዳችሁ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ከለቀቃችሁት፣ የእጅ ፍሬን እንደመሳብ ይሆናል። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ቀጥታ መንገድ ላይ አውርዱ። ፍሪሲዮኑን ከመልቀቃችሁ በፊት ነዳጅ ነካ አድርጋችሁ የሞተሩን ዙር አስተካክሉ። መሪው ላይ ባለው ማንሻ ማርሽ የምትቀይሩም ተጠንቀቁ።

ፊቱ አልታጠፍ ብሎ ቀጥ ካለ መሪውን የበለጠ አትጠምዝዙ። ብዙ የታጠፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ነዳጁን በቀስታ ቀንሱ፣ መሪውን ትንሽ ፍቱለት፤ ሲይዝ እንደገና ታጠፉ።

ደረጃ 7፦ ኋላው ከወጣ

ዓይን ይቀድማል። ልትሄዱበት የምትፈልጉትን ቦታ እዩ። ምሰሶ ያየ እጅ ወደ ምሰሶ ይነዳል።

እግር ይከተላል። ነዳጁን ቀንሱ እንጂ አትወርውሩት። ፍሬን አትንኩ። ማንዋል ከሆነና ግራ ከገባችሁ ፍሪሲዮኑን ርገጡ፤ የኋላ ጎማዎቹ ከሞተሩ ተላቀው በነፃ ይዞራሉ፣ ጉልበታቸውም ለጎን መያዣ ይሆናል።

እጅ ፈጣን ይሁን። ኋላው ወደ ቀኝ ከወጣ መሪው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከወጣ ወደ ግራ። ብዙዎች እዚህ ድረስ በደንብ ያደርጉትና የሚቀጥለው ላይ ይሳሳታሉ። መኪናዋ መመለስ ስትጀምር መሪውንም አብራችሁ መመለስ አለባችሁ፤ ቀጥ እስክትል ከጠበቃችሁ ዘግይቷል። እንደተጠመዘዘ ከቆየ ኋላው በተቃራኒው በኩል ይወነጨፋል፤ ሁለተኛው ውርወራ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። እጃችሁ የመኪናዋን አፍንጫ እየተከተለ ይመለስ።

መኪናዋ ወደ ጎን ሙሉ በሙሉ ከዞረች ግን ማዳኑ አልፏል። ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም እስከ ታች ርገጡና እስክትቆም አትልቀቁ።

የማይወጣበት ቀን

ስፖርት መኪና ከመሬት ያለው ከፍታ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። በረዶው ከዚያ ካለፈ መኪናዋ በሆዷ ትተኛለች፤ ጎማዎቹ ይንሳፈፋሉ። የቱም ጎማ፣ የቱም ችሎታ አያወጣችሁም። ያን ቀን የመንገድ ጠራጊው እስኪያልፍ ጠብቁ። ዳገት ላይም ከታች ቆማችሁ ፊተኛው እስኪወጣ ጠብቁ፤ ግማሽ ላይ ከቆማችሁ መነሳቱ ከባድ ነው።

ስትመለሱ የእጅ ፍሬኑን ረስታችሁ አትሳቡት፤ እርጥብ ከሆነ ሌሊቱን ይጋገራል። ሜዳ ቦታ አቁማችሁ ማርሽ አስገቡ። መንገዱ ላይ የተበተነው ጨው ከሥር ያለውን ብረት ስለሚበላ፣ ሞቅ ባለ ቀን ሆዷን በውሃ አሳጥቧት። ጠዋት ስትነሱ መሪው በማታውቁት መንገድ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ወደ ጋራዥ አትሩጡ። መጀመሪያ ቸርኬው ውስጥ እዩ። በአንድ በኩል ተጋግሮ ያደረ በረዶ ሚዛኑን አዛብቶት ይሆናል፤ በእጃችሁ አራግፉትና ሂዱ።